ጀንበሯ ሳትጠልቅ

በቅርያት ጋት ጠርዝ፣ ከባቡር ሐዲድ ማዶ፣
አንድ አዳራሽ አለ በእንፋሎት ተጋርዶ፤
የሆቴል አንሶላ የሚታጠብበት፣
አሥራ አራት ሴቶች የምናረጅበት።
የማናውቀው ሰው ላብ፣ የሙሽሮች ወይን፣
የሰው እንቅልፍ ሁሉ አጥበን፣ ተኩሰን፣
አራት ቦታ አጥፈን ነጭ አድርገን እንልካለን፤
ነጩ ይሄዳል። እኛ እንቀራለን።

ደመወዝ ሲጎድል
«ኮምፒዩተሩ ነው» አለን ካብላኑ፣ በመጀመሪያው ወር፤
በሁለተኛው «ባንኩ»፤
በሦስተኛው ስልኩ ዝም አለን።
እኛም ዝም አልን።

አወጣሽ ግን አልቻለችም።
ስሟን ያወጡላት አባቷ ናቸው፣ ቄስ ነበሩ አምቦበር፤
ሕጉን በግዕዝ ሲያዜሙ ሌሊት፣ እሷ ነቅታ ነበር፣
ከመደቡ ግርጌ፣ ጆሮዋ ብቻውን ፊደል ሲቆጥር።
ዕብራይስጥ ብትባል ሦስት ቃል ብቻ አላት፦
ሻሎም፣ ቶዳ፣ ሳቭላኑት።
«ታገሺ» ማለት ነው የመጨረሻዋ፤
በየቢሮው መስኮት እየደጋገሙ ያስጠኗት።

ዓርብ ከቀትር በኋላ ሽርጧን ፈታች፣
እንደ አንሶላ አራት ቦታ አጠፈች።
«ነጠላችሁን አንሡ። ልንጠይቅ ነው፣
ልንለምን አይደለም» አለች።
«አንቺ ልጅ፣ አፍ ሁኚኝ።»

አንቺ ልጅ እኔ ነኝ። እዚሁ የተወለድኩ፤
ዕብራይስጤ ውሃ፣
አማርኛዬ እርጥብ እንጨት፣ ጢሱ የሚፈጀኝ።

ካብላኑ ኪፓውን አስተካከለ። ጠረጴዛው ላይ
ሰዓት፣ ስልክ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ የሰንበት ዳቦ።
አወጣሽ አልተቀመጠችም፦
«በሠራተኛ ላብ ላይ ጀንበር አትጥለቅበት
ያለው ያንተም የኔም ፈጣሪ ነው። ንገሪው።»
እኔም፦ «በቫካሻ፣ ጌታዬ፣ ይቅርታ፣
ጊዜ ካለህ፣ ሴቶቹ ትንሽ ቅር...»

«የኔ ቃል አጭር ነበር፣ ያንቺ ረዘመ።
ምን ጨመርሽበት?»
ጉሮሮዬ ታመመ።
«ልጄ፣ ወተት ውሃ ቢገባው ይበዛል እንጂ አያጠግብም።
ቃሌን አታቅጥኚ። እንደታለበ ስጪው።»

ሰጠሁት። እንደታለበ። ያለ በቫካሻ።
ድምፄ ተንቀጠቀጠ፣ ቃሉ ግን ቀጥ ብሎ ቆመ።
ሰውዬው ሰዓቱን አየ።
«እሑድ ኑ» አለ።

ይህን ሳልተረጉምላት ገባት።
ወጥታ ኮሪደሩ ላይ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤
እኛም ከጎኗ፣ ጉልበት በጉልበት።
«እሑድ ቅርብ ነው፤ እዚሁ እንቆያለን።
ሰንበት ከገባ መኪና አንሳፈርም፣
እሳት አንነካም፣ መንገድ አንወጣም፤
እንግዶችህ ነን።
ያን ዳቦ ላሥራ አምስት ቁረሰው።»

ፈንታዬ ሳቀች፣ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፍና።
ጀንበሯ ከመጋዘኑ ጣራ አንድ ስንዝር ቀራት።
አንዷ ጸሎት ጀመረች በለሆሳስ፣ ሌሎቹ ተቀበሏት።
ሰውዬው ለሚስቱ ደወለ። ተነሣ። ተቀመጠ።
የቼክ ደብተሩን ከመሳቢያ ጎትቶ
«ስምሽ ማነው?» አለ፤
በሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አንድ በአንድ።
«አወጣሽ።»
«ምን ማለት ነው?»
«ከግብፅ ያወጣህ ማን ነው በይው፤
የኔንም ስም ያወጣው እሱ ነው።»

እየሮጥን ወጣን፣
አሥራ ሦስት ነጠላ፣ አንድ የኔ ጃኬት፤
ነፋሱ ሲገልበን መንገዱ የተሰጣ አንሶላ መሰለ።
ያን ማታ ነጩ አብሮን ሄደ፣
አብሮን ገባ ቤት።

ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፦
ሁለቱ ቼክ ባንክ ደርሰው ባዷቸውን ተመለሱ።
የኔ አልነበሩም። የፈንታዬና የአንዲት እርጉዝ ሴት።
ማክሰኞ ጀንበር ስታዘቀዝቅ
አወጣሽ ሽርጧን ፈትታ፣
ገና አጥፋ ሳትጨርሰው፣
እኔ ቆሜ ነበር።